ከፓሪስ ለንደን፦ ለ50 ደቂቃ በረራ ይህ ሁሉ ዝግጅት ለምን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፓሪስ ነው። ሰሞኑን ለንደን ያለችውን እህቴን ልጠይቅ በአውሮፕላን ሄጄ ነበር። ትኬቱ ላይ መነሻ 10:00፣ መድረሻ 10:20 ይላል። ሁላችንም ገብተን፣ በሩ ተዘግቶ 40 ደቂቃ እዚያው ቆምን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ካፒቴኑ «ስሎት እየጠበቅን ነው» አለ። ለንደን ልንደርስ ስንል ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ስንዞር ቆየን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ነዳጅ ቢያልቅስ?» ሲል እኔም ፈራሁ። ለዚህች አጭር መንገድ ምን የሚያስጨንቅ ዕቅድ አለ? ተነስቶ መሄድ አይደለም እንዴ?

ምላሽ፦ ተነስቶ መሄድ ቢሆንማ እኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። ሙያዬ የበረራ ዲስፓቸር ነው። አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት በየት በኩል እንደሚሄድ፣ ስንት ነዳጅ እንደሚጭን፣ መድረሻው ቢዘጋ የት እንደሚያርፍ መሬት ላይ ተቀምጠን የምናሰላ ሰዎች ነን። የመጨረሻው ውሳኔ የካፒቴኑ ነው። ወረቀቱ ግን ከእኛ ጠረጴዛ ይወጣል።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ረጅም በረራ ማቀድ ይቀለኛል። ረጅም በረራ ላይ ነፋሱ ቢያስቸግር፣ የአየሩ ጠባይ ቢለወጥ፣ ለማሰብም ለማስተካከልም ሰዓታት አሉ። ከፓሪስ ለንደን ግን አብራሪዎቹ ወደ ላይ ወጥተው ሳይጨርሱ ስለ መውረድ ማውራት ይጀምራሉ። እዚያ መስመር ላይ መብረሩ ቀላሉ ነገር ነው። ዕቅዱ በአብዛኛው ስለ መጠበቅ ነው። ለንደን አልቀበልም ካለች ምን እንደምናደርግም ነው።

መጀመሪያ ትኬቱን እንፍታው። ፓሪስ ከለንደን በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የለንደኑ 10:20 በፓሪስ 11:20 ነው። የጉዞው ጊዜ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው። በእኛ ወረቀት ላይ የፓሪስም የለንደንም ሰዓት የለም። ሁሉም በአንድ ዓለም አቀፍ ሰዓት ይጻፋል፤ አብራሪዎች «ዙሉ» ይሉታል። (በሐበሻ ሰዓት ላደገ ሰው መደመርና መቀነሱ ብርቅ አይደለም፤ በዚህ በኩል እንኳ ከፈረንጆቹ እንቀላጠፋለን።)

ያ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ደግሞ የበረራ ጊዜ ብቻ አይደለም። አውሮፕላኑ ፓሪስ ከቆመበት ተነቃንቆ ለንደን ቦታው ላይ እስኪቆም ያለው ሙሉ ጊዜ ነው። የፓሪሱ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ሰፊ ነው። 4 ማኮብኮቢያዎች አሉት፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተዘረጉ። ብዙውን ጊዜ ወደ ተርሚናሎቹ የሚቀርቡት ሁለቱ ለመነሻ፣ የውጪዎቹ ለማረፊያ ያገለግላሉ። ከጌት ተነስቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ ለመድረስ 15 ወይም 20 ደቂቃ መሄድ ያለ ነው። አየር ላይ የሚቆየው ከ45 እስከ 55 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው ለለንደኑ ወረፋ እና ካረፉ በኋላ ለሚኬድበት መንገድ ነው።

በአየር ቀጥታ ቢለካ ከሻርል ደ ጎል እስከ ለንደኑ ሂትሮው ኤርፖርት 348 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ እንደ መሄድ። ግን ማንም ቀጥታ አይሄድም። በመካከሉ ያለው ሰማይ በአውሮፓ በጣም ከሚጨናነቁት አንዱ ነው። ከታች የፓሪሶቹ ሻርል ደ ጎልና ኦርሊ፣ የለንደኖቹ ሂትሮውና ጋትዊክ አሉ። ከላይ ደግሞ ከአሜሪካ ወደ ጀርመንና ጣሊያን የሚያልፈው አለ። ስለዚህ መንገዱ አስቀድሞ የተሠመረ ነው። ከፓሪስ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወጣል፣ ከእንግሊዝ የሚለየንን ጠባብ ባሕር ይሻገራል፣ በኬንት ግዛት በኩል ወደ ለንደን ይገባል። በመንገዱ ላይ ያሉት ነጥቦች በአምስት የላቲን ፊደል የሚጻፉ ስሞች አሏቸው፤ ኦፓል፣ አሌሶ እያልን የምንጠራቸው ዓይነት። አብዛኞቹ ትርጉም የላቸውም። በሬዲዮ ሲጠሩ እንዳይምታቱ ብቻ ነው።

ከፍታውም ነፃ ምርጫ አይደለም። አንድ ኤርባስ ኤ320 በረጅም በረራ 35 ሺህ ጫማ እና ከዚያ በላይ ይወጣል። ከዚያ ከፍታ ለመውረድ ግን ለያንዳንዱ 1 ሺህ ጫማ 3 ኖቲካል ማይል (አንዱ 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው) ያህል መንገድ ይፈልጋል። አስሉት፤ 35 ሺህ ጫማ ለመውረድ ከ100 ኖቲካል ማይል በላይ ነው። ለመውጣትም በዚያው መጠን ቢያስፈልግ፣ ፓሪስና ለንደን መካከል ያለው ጠቅላላ ርቀት 188 ኖቲካል ማይል ብቻ ነው። አይበቃም። በዚያ ላይ የአውሮፓ የአየር ትራፊክ አስተዳደር የሚያወጣው የመንገዶች ሰነድ አለ። በዚህ ሰነድ መሠረት አጫጭር በረራዎች ከላይ ወዳለው ሰማይ እንዳይገቡ በብዙ ከተሞች መካከል ጣሪያ ተቀምጧል። ስለዚህ በ20ዎቹ ሺህ ጫማ ውስጥ እንቆያለን። እሱም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቡናው ተቀድቶ ሳይጠጣ ጽዋው የሚሰበሰበው ለዚህ ነው፤ አስተናጋጆቹ ቸኩለውብዎ አይደለም።

አሁን ወደ ስሎቱ እንምጣ፤ የተናደዱበት እሱ ነውና።

እያንዳንዱ በረራ ከመነሳቱ ሰዓታት ቀደም ብሎ የበረራ ዕቅዱ (ፍላይት ፕላኑ) ወደ ዩሮኮንትሮል ይላካል። ዩሮኮንትሮል የአውሮፓን የአየር ትራፊክ የሚያስተባብር ድርጅት ነው። ፕላኖቹን የሚቀበሉ ሁለት ማዕከላት አሉት፤ አንዱ ብራስልስ አጠገብ ሀረን፣ ሌላው ፓሪስ አጠገብ ብሬቲኚ። ኮምፒውተሩ ፕላኑን ያነባል። መንገዱ ከሕጉ ጋር ካልገጠመ ይመልሰዋል። ከገጠመ ይቀበልና አውሮፕላኑ በየሰዓቱ በየትኛው የሰማይ ክፍል እንደሚገኝ ያሰላል።

ሰማዩ በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱን ክፍል የያዙት ተቆጣጣሪዎች በሰዓት ማስተናገድ የሚችሉት ቁጥር ተወስኗል። ሂትሮውም በሰዓት የሚያሳርፈው ቁጥር አለው። የሚመጡት ከዚያ በልጠው ሲገኙ፣ ኮምፒውተሩ ገና ያልተነሱትን መሬት ላይ ያቆያል። «በዚህ ሰዓት ተነሳ» የሚል መልእክት ይልካል። ስሎት ማለት ይህ ነው። ከተባለው ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድሞ ወይም 10 ደቂቃ ዘግይቶ መነሳት ይቻላል። ከዚያች 15 ደቂቃ ከወጡ ስሎቱ ይሞታል፣ ሌላ መጠየቅ ነው።

እንግዲህ ፓሪስ ሰማዩ ጥርት ማለቱ ምንም አይነግርዎትም። ችግሩ ለንደን ሊሆን ይችላል። ጠዋት ጭጋግ ካለ ሂትሮው አውሮፕላኖቹን አራርቆ ያሳርፋል፤ የማረፊያው የሬዲዮ ምልክት ፊት ለፊት ባለ አውሮፕላን እንዳይረበሽ። ጭጋግ ባይኖርም ነፋስ ይበቃል። ከፊት ለፊት ኃይለኛ ነፋስ ሲነፍስ አውሮፕላኖቹ ከመሬት አንጻር ይዘገያሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ያው ከሆነ፣ በሰዓት የሚያርፉት ያንሳሉ። ሂትሮው በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ርቀትን ትቶ በጊዜ መለየት የጀመረው ይህን ለማቃለል ነው። ብዙ ረድቷል፣ ጨርሶ ግን አላጠፋውም። ወይም ደግሞ በመካከል ባለ አንድ የሰማይ ክፍል ተቆጣጣሪ አንሶ ይሆናል። የፈረንሳይ ተቆጣጣሪዎች አድማ ሲመቱም እንዲሁ ነው። ፓሪስ ስለሚኖሩ አድማውን እኔ አልነግርዎትም።

አንድ የሚያበግን ነገር ልጨምር። ሁሉም በረራ እኩል አይያዝም። ከአውሮፓ ርቀው የሚነሱ በረራዎች በአጠቃላይ ከዚህ ስሎት ነፃ ናቸው። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን የሚመጣው አውሮፕላን ሌሊቱን ሲበር አድሮ ነው የሚደርሰው። ከሰባት ከስምንት ሰዓት በፊት ቦሌ ላይ «ቆይ» ቢባል ትርጉም የለውም። የሂትሮው ሁኔታ እስኪደርስ አሥር ጊዜ ይለዋወጣልና። ስለዚህ እሱ ይምጣ ይባላል። የሚያዘው ቅርብ ያለው ነው። ቅርብ ማን አለ? የእርስዎ አውሮፕላን።

ይህም አንሶ ሌላ አሠራር አለ። ወደ ሂትሮው የሚመጡ አውሮፕላኖች ገና እስከ 350 ኖቲካል ማይል ርቀው ሳሉ «ፍጥነት ቀንሱ» ሊባሉ ይችላሉ። ከ2014 ጀምሮ የተሞከረና የተለመደ አሠራር ነው። ለንደን ሰማይ ላይ ከመዞር፣ በመንገድ ላይ ረጋ ብሎ መምጣት ይሻላል ከሚል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ፓሪስ ያለው አውሮፕላን ሞተር ሳያስነሳ ከዚያ ክልል ውስጥ ነው ያለው! የሚቀንሰው ፍጥነት የለውም። የእሱ ማዘግየት መሬት ላይ መቆም ነው።

«ታዲያ ለምን በሩን ዘግተው ያቆዩናል? ተርሚናል ውስጥ አንጠብቅም?» ይሉኝ ይሆናል። ስሎት ይሻሻላል። 40 ደቂቃ የተባለው በድንገት 10 ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ሲሰርዝ ወይም ሲዘገይ ቦታ ይከፈታል። ያን ጊዜ በሩ ተዘግቶ፣ ሰዉ ተቀምጦ፣ «ዝግጁ ነን» ያለ ይወስደዋል። ተሳፋሪው ቡና ቤት የተበተነበት አውሮፕላን አይወስደውም። እኔም ብሆን ካፒቴኑን «አስገብተህ ጠብቅ» ነው የምለው። እርግጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲሆን ሌላ ነው።

አሁን ነዳጁ። ጎረቤትዎ የጠየቁት ጥያቄ የሚገባ ነበር። በዝርዝር ልመልስ። ቁጥሮቹ ለአንድ ኤ320 ያጠጋጋኋቸው ናቸው፤ እንደ ነፋሱና እንደ ጭነቱ ይለያያሉ።

በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ መሬት ላይ ለመሄድ የሚያስፈልገው ነዳጅ አለ፤ 230 ኪሎ ግራም እንበል። ነዳጅ በሊትር አንቆጥርም፣ በክብደት ነው። ቀጥሎ ከፓሪስ ለንደን የሚያስኬደው 2,000 ኪሎ። ተነስቶ መሄድ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ሦስተኛው መስመር ላልታሰበ ነገር የሚያዝ ነው። የአውሮፓ ሕግ ከጉዞው ነዳጅ 5 በመቶ ወይም 5 ደቂቃ በአየር ላይ ለመዞር የሚበቃ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያዙ ይላል። የ2,000 ኪሎ 5 በመቶ 100 ኪሎ ነው። 5 ደቂቃ ለመዞር ግን 200 ኪሎ ይጠጋል። በረጅም በረራ በመቶኛው ያሸንፋል፣ በዚህ ዓይነቱ አጭር በረራ ደቂቃው ያሸንፋል። ስለዚህ 200 ጻፍን።

አራተኛው ኦልተርኔት ነው። ሂትሮው ላይ ማረፍ ባይቻል ሌላ ኤርፖርት ለመድረስ የሚያስፈልገው ነዳጅ፤ ወደ ጋትዊክ ከሆነ 900 ኪሎ። «ጋትዊክ እኮ ቅርብ ነው» አይበሉ። አውሮፕላኑ ሂትሮው ላይ ለማረፍ ሞክሮ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ የጋትዊክን ወረፋ ይዞ ነው የሚያርፈው።

አምስተኛው የማይነካው ነው። ለ30 ደቂቃ በ1,500 ጫማ ላይ ለመዞር የሚበቃ፣ 1,150 ኪሎ ገደማ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይህ ታንኩ ውስጥ መኖር አለበት። ከዚህ በታች ይዞ ሊያርፍ እንደሆነ ያሰላ ካፒቴን በሬዲዮ «ሜይዴይ ፊውል» ማለት ግዴታው ነው። ያን ጊዜ ሁሉም መንገድ ይለቅለታል።

ስድስተኛው መስመር የእኔና የካፒቴኑ ጉዳይ ነው። ሕግ አያስገድደንም፣ ግን ለንደንን እናውቃታለን። ለ20 ደቂቃ መዞሪያ 800 ኪሎ እንጨምር።

ደምሩት፤ 5,280 ኪሎ። ከዚህ ውስጥ ከፓሪስ ለንደን የሚያደርሰው 2,000 ብቻ ነው። ከግማሽ በላዩ ለመጠበቂያ፣ ለመሸሻና ለክፉ ቀን የተጫነ ነው። ስትዞሩ የነበረው ከስድስተኛው መስመር ላይ እየቆነጠራችሁ ነበር። 12 ደቂቃ ብትዞሩ 480 ኪሎ አለቀ። የቀሩት መስመሮች አልተነኩም።

በነገራችን ላይ ካፒቴኖች በአጭር በረራ ላይ ነዳጅ ለመጨመር ብዙ አይከራከሩም። ነዳጅ መሸከም ራሱ ነዳጅ ይበላል፤ በሰዓት ከተሸከሙት 3 ወይም 4 በመቶ ያህሉን። ለ50 ደቂቃ 1 ቶን ቢሸከሙ የሚጠፋው 30 ኪሎ ገደማ ነው። 13 ሰዓት ቢሸከሙት ሌላ ታሪክ ነው።

ታዲያ ለምን አንሞላውም? ክብደት! እዚህ ላይ አዲስ አበባና ፓሪስ ይለያያሉ። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው። እዚያ ዲስፓቸሩን የሚያስጨንቀው የመነሻው ክብደት ነው። ፓሪስ ግን ዝቅ ያለ ነው፣ ማኮብኮቢያውም ረጅም ነው፣ አውሮፕላኑ እስከ 78 ቶን ይዞ ሊነሳ ይችላል። የሚያስቸግረው ማረፊያው ነው። አብዛኛው ኤ320 ከ66 ቶን በላይ ሆኖ እንዲያርፍ አይፈቀድለትም። በመንገድ ላይ የሚያቃጥለው 2 ቶን ብቻ ከሆነ፣ ሲነሳ ከ68 ቶን መብለጥ የለበትም። 10 ቶን አቅም እያለው ሊጠቀምበት አይችልም። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ አውሮፕላኑ ያለ ነዳጅ 62 ቶን ቢመዝን፣ ከላይ በቆጠርነው ነዳጅ ለንደን ሲያርፍ 65 ቶን ይሆናል። ለጭማሪ የቀረው 1 ቶን አይሞላም።

ሌላም ፈተና አለ። ነዳጅ ርካሽ ከሆነበት ከተማ የመልሱንም ጭኖ መምጣት ድሮ የተለመደ ነበር። ከ2025 ጀምሮ ግን የአውሮፓ ኅብረት ሕግ አየር መንገዶች በኅብረቱ ኤርፖርቶች ለሚነሱ በረራዎቻቸው በዓመት ከሚያስፈልጋቸው ነዳጅ ቢያንስ 90 በመቶውን እዚያው እንዲሞሉ ያዛል። ለንደን ርካሽ ናት ብሎ የፓሪሱን መልስ ጭኖ መምጣት በዚህ ተገድቧል። ትክክለኛ ሕግ ነው እላለሁ። ለጥቂት ዩሮ ብሎ ቶን ሙሉ ነዳጅ ባሕር እያሻገሩ መመለስ ምን ይባላል?

ኦልተርኔት መምረጥ ሥራዬ ውስጥ የምወደው ክፍል ነው። ጥሩ ቀን ከሆነ ጋትዊክ ወይም ስታንስቴድ ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሰማዩ በጣም ጥሩ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ያለ ኦልተርኔትም ይፈቅዳል፤ በረራው ከ6 ሰዓት ካልበለጠ፣ መድረሻው ላይ ሁለት የተለያዩ ማኮብኮቢያዎች ካሉና ትንበያው ቢያንስ 5 ኪሎ ሜትር እይታና ከፍ ያለ ደመና የሚያሳይ ከሆነ። ሂትሮው ሁለት ማኮብኮቢያ አለው። እኔ ግን ለለንደን አልዳፈርም።

ክፉው ቀን የኅዳር ጭጋግ የወረደበት ጠዋት ነው። የቴምዝ ሸለቆ በጭጋግ ሲሞላ ሂትሮው ብቻውን አይዘጋም። ጋትዊክም፣ ሉተንም፣ ስታንስቴድም አብረው ሊታመሙ ይችላሉ። ያን ቀን ጋትዊክን መጻፍ ራስን ማታለል ነው። ወይ ወደ ሰሜን ሄዶ በርሚንግሃምን ወይም ማንቸስተርን መያዝ፣ ወይ ወደ ኋላ ወደ ፓሪስ መመለስን ማሰብ ነው። የሚያስቀው፣ መንገዱ አጭር ስለሆነ ለንደንም በተራዋ ለፓሪስ ታገለግላለች። ፓሪስ ላይ ጭጋጉ ለመነሳት የሚፈቅድ ግን ተመልሶ ለማረፍ የማይፈቅድ ከሆነ፣ አንድ ሞተር ቢጠፋ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚደረስበት ሌላ ኤርፖርት መጻፍ ግዴታ ነው። ለንደን ጥሩ ከሆነች ለዚያ ትበቃለች።

እነዚህ ሕጎች ከሰማይ አልወረዱም። ይኸው የእርስዎ መስመር ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከለንደን ፓሪስ መደበኛ የመንገደኞች በረራ የተጀመረው ነሐሴ 1919 እንደ ፈረንጆቹ ነው። የተነሱት ከዛሬው ሂትሮው አጠገብ ካለው ሃውንስሎ ሂዝ ሲሆን ያረፉት ፓሪስ አጠገብ ለ ቡርዤ ነው። ያኔ አብራሪው መንገዱን የሚያገኘው ከላይ የባቡር ሐዲድና አውራ ጎዳና እያየ ነበር። ከለንደን የሚመጣውም ከፓሪስ የሚሄደውም ያንኑ ጎዳና ይከተላል። ሚያዝያ 7 ቀን 1922፣ አሁንም እንደ ፈረንጆቹ፣ ሰሜን ፈረንሳይ ፒካርዲ ላይ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተጋጩ። 7 ሰዎች ሞቱ። የመንገደኞች አውሮፕላኖች አየር ላይ ሲጋጩ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ቀኝ ያዙ፣ በተወሰነ መንገድ ሂዱ፣ ሬዲዮ ያዙ የሚለው ጠንከር ያለው። ፒካርዲ ዛሬም ከመንገዱ ብዙ አይርቅም።

መዞሩ ቀረን። ሂትሮው የሚመጡ አውሮፕላኖች የሚጠብቁባቸው 4 ቦታዎች አሉት፤ ቦቪንግደን፣ ላምበርን፣ ኦካም እና ቢጊን። ከፓሪስ የሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ ቢጊን ይደርሰዋል። ከለንደን ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች የነበሩበት ሰፈር። እዚያ አውሮፕላኖቹ አንዱ ከአንዱ በላይ በ1,000 ጫማ ልዩነት ተደርድረው ይዞራሉ። አንድ ዙር 4 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። አዲስ የመጣው ከላይ ይገባል። ከታች ያለው ሲጠራ ሁሉም አንድ ደረጃ ይወርዳል። በመስኮት ከታችዎ ሌላ አውሮፕላን ካዩ፣ እሱ ቀዳሚዎ ነው።

«መሬት ላይ ካቆዩን በኋላ ደግሞ አየር ላይ ለምን?» ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ቀላል ነው። ሂትሮው በዓመት 480,000 በረራ ብቻ ነው የተፈቀደለት፣ እሱንም ሞልቶ ይሠራል። በሁለት ማኮብኮቢያ። አንድ የማረፊያ ተራ ባዶ ቢያልፍ የሚተካ የለም። ስለዚህ ተቆጣጣሪዎቹ ሁልጊዜ ጥቂት አውሮፕላኖች ደጃቸው ላይ ቆመው እንዲጠብቁ ይፈልጋሉ፤ አንዱ እንዳረፈ ሌላው እንዲከተል። ስሎቱ ሕዝቡን ይቀንሳል እንጂ ወረፋውን አያጠፋም። ለእነሱ ይጠቅማል፣ ለአካባቢው ጆሮና ለነዳጁ ግን አይጠቅምም። እኔ ሚዛኑ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

ለሚቀጥለው ጉዞዎ ደግሞ፣ ከተቻለ የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ይያዙ። አውሮፕላኑ እዚያው አድሯል፣ ከሌላ ከተማ ይዞት የሚመጣው መዘግየት የለም። ያው አውሮፕላን በቀን አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳል፤ ጠዋት የጠፋች 40 ደቂቃ እስከ ማታ ትከተለዋለች። ሠራተኞቹም ሰዓት አላቸው። በአውሮፓ ሕግ ቀን ላይ ሥራ የገባ አብራሪ ቢበዛ 13 ሰዓት ነው፤ ከሁለት በረራ በላይ በሄደ ቁጥር ግማሽ ግማሽ ሰዓት ይቀነስበታል። የማታዋ በረራ የምትሰረዘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ለንደን ላይ ሌላ በረራ የሚይዙ ከሆነ በትኬቱ ሰዓት አይተማመኑ። ሰፋ ያለ ጊዜ ይተዉ።

ከፓሪስ ሲነሱ መዘግየቱ 2 ሰዓት ከሞላ ምግብና መጠጥ መጠየቅ መብትዎ ነው። 3 ሰዓት ዘግይተው ከደረሱ ለዚህ ርቀት 250 ዩሮ ካሳ አለ። ግን መንስኤው የአየር ትራፊክ ገደብ ከሆነ ካሳው ብዙውን ጊዜ አይከፈልም፤ ምግቡ ግን አይቀርም። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ልጅ የለም ብትልዎት በትሕትና ይድገሙላት።

እህትዎ ጋ ከተማ ውስጥ የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ባቡሩን ያስቡበት። ከፓሪሱ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ እስከ ለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ 2 ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ፓስፖርት የሚታየውም ፓሪስ ላይ ስለሆነ ለንደን ሲደርሱ ወርደው መሄድ ነው። ሂትሮው ላይ ሌላ አውሮፕላን የማይቀይሩ ከሆነ በሰዓትም በድካምም የሚያሸንፈው እሱ ነው። ይህን መጻፌን አለቆቼ ባያዩት ደስ ይለኛል።